ስለ መርሳት የጠየቅንበት በጋ

ገዳሪፍ ውስጥ፣ ከገበያው ወጣ ብሎ በሚገኝ አንድ የሰሊጥ መጋዘን ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። መጀመሪያ የተቀጠርኩት ለቃሚ ሆኜ ነው። ማበጠሪያው ማሽን ያወጣውን ሰሊጥ ሰፊ ጠረጴዛ ላይ እየበተኑ፣ ጠጠሩን፣ ጭራሮውንና ቀለሙ የተለየውን ፍሬ በጣት እየለቀሙ ማውጣት የሴቶች ሥራ ነው። ከመተማ ተሻግሬ ስመጣ ከሰላምታ በቀር ዐረብኛ አልነበረኝም። ጆሮዬ ቀስ እያለ ለመደ፣ ምላሴም ተከተለ። እያደር ሙዲሩ የሚለውን ለሐበሾቹ፣ ሐበሾቹ የሚሉትን ለሙዲሩ የማደርሰው እኔ ሆንኩና ከጠረጴዛው ተነስቼ ቢሮ ገባሁ። ሙዲር የምንለው ሥራ አስኪያጁን ነው።

ወደዚያ ሥራ ያስገቡኝ ሀጃ ናቸው። ሐጅ አድርገው አያውቁም፤ ግን ዕድሜያቸውንና ሶላታቸውን አይቶ ሱዳኑም ሐበሻውም ሀጃ ይላቸዋል። የጎንደር ሰው ናቸው። በወጣትነታቸው ከባላቸው ጋር ለንግድ ብለው መጥተው፣ ባላቸው ሲሞቱ እዚሁ ቀሩ። የለቃሚዎቹ አለቃ እሳቸው ነበሩ። ሲቆጡ ድምፃቸው አይወጣም፤ ጠረጴዛውን በጣታቸው ኳ ኳ ያደርጉና ዝም ይላሉ፣ ያ ይበቃል። እኔ የመጣሁ ሰሞን ማደሪያ ስላልነበረኝ «እስክትደላደይ ከኔ ጋር ሁኚ» ብለው ወሰዱኝ። ከቤታቸው የወጣሁት ባል ሳገባ ነው።

ካርቱም ላይ ጦርነቱ ሲጀመር ገዳሪፍ በሰው ሞላች። ትምህርት ቤቱ ተጨናነቀ፤ ዘመድ ያለው የዘመዱ ግቢ፣ የሌለው የዛፍ ጥላ ሥር ተጠጋ። የመጋዘኑ ባለቤት ቤትም እንደዚያው ሞላ። ከመጡት ዘመዶች አንዷ ዶክተር ነበረች፤ ዕድሜዋ ከኔ ብዙም የማይበልጥ፣ ቀጠን ያለች፣ ስታዳምጥ አንገቷን ወደ አንድ ጎን ዘንበል የምታደርግ ሴት። ካርቱም ሳለች ሥራዋ የፋብሪካ ሠራተኞችን ጤና መከታተል ነበር። ዶክቶራ እንላታለን።

በቀጣዩ በጋ መጋዘናችን ላይ ችግር መጣ። ነጭ ሰሊጥ ተብሎ የተጫነ ጭነት ውስጥ ቀይ ተደባልቆ ተገኘና ከነጆንያው ተመለሰ። ከዚያ በፊትም ነገር እየተዝረከረከ ነበር። አንዷ የያዘችውን ወንፊት የት እንዳኖረችው ትጠፋባታለች፣ ሌላዋ ታዛ የሄደችበትን ረስታ ባዶ እጇን ትመለሳለች። ሙዲሩ ተናደደ። ሴቶቹን በሙሉ አሰናብቶ ሌሎች ሊቀጥር እንደሆነ ተናገረ። ሥራ ፈላጊ በበዛበት ከተማ ይህን ማድረግ አይከብደውም ነበር።

ዶክተሯ ነገሩን ከቤት ሰዎች ሰማችና ወደ መጋዘኑ መጣች። «ከማባረርህ በፊት ልጠይቃቸው» አለችው። «ምን ብለሽ?» አላት። «ሥራ ላይ ምን ምን እንደሚረሱ፣ ማሰብ የሚከብዳቸው መቼ እንደሆነ። ራሳቸው ይንገሩኝ።» ሙዲሩ ሳቀ። «የሚረሳ ሰው መርሳቱን በምን ያስታውሳል?» አላት። እሷ አልሳቀችም። «ታያለህ» አለችው። ባለቤቱ አጎቷ ስለሆነ ሙዲሩ እምቢ ማለት አልቻለም፤ እኔን ደግሞ አስተርጓሚ አድርጎ ሰጣት።

ጥያቄዎቹን በዐረብኛ ያዘጋጀችው እሷ ናት፣ ወደ አማርኛ የመለስኳቸው እኔ። ባለፈው ሳምንት ውስጥ የታዘዝሽውን ረስተሻል ወይ፣ የጀመርሽውን ሥራ ሳትጨርሺ ትተሽ ሄደሻል ወይ፣ ሰው ሲያናግርሽ ሐሳቡ አምልጦሽ ያውቃል ወይ፣ የሚሉ ናቸው። መልሱ በመጠን ነው የሚሰጠው። ከሴቶቹ ብዙዎቹ ፊደል ስለማያውቁ ዶክተሯ አራት የሻይ ብርጭቆ ሣለች፤ አንዱ ባዶ፣ አንዱ ጥቂት ያለበት፣ አንዱ ግማሽ፣ አንዱ ሙሉ። ፈጽሞ ረስታ የማታውቅ ባዶውን ትጠቁማለች፣ ሁልጊዜ የምትረሳ ሙሉውን።

በመጀመሪያው ቀን በፈጡር፣ በቁርስ ማለት ነው፣ ዕረፍት ላይ፣ ፉሉ ተበልቶ እጅ ከታጠበ በኋላ፣ ግቢው ውስጥ ካለው የኒም ዛፍ ሥር ተሰበሰቡ። ሴቶቹ ፊታቸውን ቋጥረው ነበር። ጠያቂ ሰው ሲመጣ ምን ተከትሎ እንደሚመጣ ያውቃሉ። ዶክተሯ ቆማ ተናገረች፣ እኔም ተከትዬ በአማርኛ አልኩት።

«ይህን የምጠይቃችሁ በኔ ስለደረሰ ነው» አለች። «ከካርቱም ከወጣሁ ወዲህ ወጥ ጨው ጨምሬበት መልሼ እጨምራለሁ። ዘመኔን ሙሉ ሳዝዘው የኖርኩት መድኃኒት ስሙ ይጠፋብኛል። አላበድኩም። የደከምኩ ይመስለኛል። እናንተም እንደኔ ከሆናችሁ ልወቀው ብዬ ነው። ማን ምን እንዳለች ለማንም አልናገርም።»

ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። መጀመሪያ የተናገሩት ሀጃ ናቸው። «ደግ ናት» አሉ በአማርኛ። «የራሷን አስቀድማ ተናገረች። መልሱላት።»

አንድ በአንድ እየመጡ ከፊታችን ተቀመጡ። ብዙም ሳንሄድ አንድ ቃል አሰናከለን። ዐረብኛው «ማሰብ ከብዶሽ ነበር?» ይላል፤ እኔም እንዳለ ማሰብ ብዬው ነበር። የመጀመሪያዋ ሴት ልጆቿን ቁረይሻ በምትባል የገጠር ከተማ ወላጆቿ ጋ ትታ የመጣች ናት። ጥያቄውን ስትሰማ ግራ ተጋብታ አየችኝ።

«ማሰቡስ መች ከበደኝ» አለች። «ሌት ተቀን ሳስብ አይደለም የምውለው? ያቃተኝስ አለማሰቡ ነው።»

ለዶክተሯ ተረጎምኩላት። አንገቷን ዘንበል አድርጋ ሰማችኝና «በእናንተ ቋንቋ ማሰብና መጨነቅ አንድ ቃል ነው እንዴ?» አለችኝ። እውነቷን ነበር። ዕድሜዬን በሙሉ ስናገረው ልብ ብዬው አላውቅም። «ሐሳብ ገባኝ» ስንል አዲስ ሐሳብ መጣልኝ ማለታችን አይደለም። ቁጭ ብለን ጥያቄውን እንደገና ሠራነው። «ልብሽ ሥራው ላይ አልቆም ብሎሽ ነበር?» አልኩት። «የታዘዝሽው ከልብሽ ጠፍቶ ያውቃል?» አልኩት። ልብ ሲባል ሴቶቹ ወዲያው ገባቸው። ልብማ ይሸሻል፣ ይጠፋል፣ ይሰወራል፤ ማንንም አያሳፍርም። ከዚያ ወዲያ ጣታቸውን ብርጭቆዎቹ ላይ ለማሳረፍ አልፈሩም።

ያ ሳምንት በሕይወቴ ከማልረሳቸው ሳምንታት አንዱ ነው። ከነዚህ ሴቶች ጋር ዓመታት አብሬ ኖሬያለሁ፣ ሠርግም ለቅሶም ተጠራርተናል፣ ግን እንዲህ ብዬ ጠይቄያቸው አላውቅም። አንዷ ባሏ ካርቱም አጠገብ ኦምዱርማን ቀርቶ ስልኩ ካልሠራ ወራት አልፎታል። ጠረጴዛው ላይ ስትለቅም ስልክ የጮኸ እየመሰላት እጇ ይቆማል። ሌላዋ የማሽኑ ድምፅ ጆሮዋ ውስጥ ስለሚቀር ቤቷ ገብታም ልጆቿ የሚሏትን አትሰማም። «ቀትር ሲቃረብ» አለች አንዷ፣ «ሰሊጡ ጉንዳን ሆኖ ይታየኛል። የምለቅመው ጠጠሩን ይሁን ፍሬውን አላውቅም።» ዶክተሯ ሁሉንም ሰማች። ከወረቀቱ ይልቅ ፊታቸውን ነበር የምታየው።

የሀጃ ተራ የደረሰው መጨረሻ ላይ ነው። ፀሐዩ ከዛፉ ጥላ ውጪ መሬቱን ያቃጥላል፤ እሳቸው ግን ጋቢ ተከናንበው መጡ። ሲቀመጡም ጫፉን አንገታቸው ላይ አጠበቁት። ጥያቄውን እያነበብኩ ሄድኩ። የታዘዙትን ረስተው ያውቃሉ? ጣታቸው ባዶው ብርጭቆ ላይ አረፈ። የጀመሩትን ትተው ሄደዋል? ባዶው። ልብዎ አልቆም ብሎ ነበር? ባዶው። ፈገግ እያሉ ነበር የሚመልሱት። እኔም በልቤ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ሀጃማ ምን ይሆናሉ እያልኩ።

ከመጨረሻው በፊት ያለችው ጥያቄ እንዲህ ትል ነበር፦ የረሱትን ሌላ ሰው አስታውሶዎት ያውቃል?

ጣታቸውን አንስተው ባዶው ብርጭቆ ላይ ሊያሳርፉ ሲሉ አየር ላይ ቀረች። ዓይናቸው የውሃው በርሜል ጋ እጃቸውን ወደሚታጠቡት ሴቶች ሄደ።

«ያቺን ታያታለሽ?» አሉኝ። ከስደተኞች ካምፕ እየተመላለሰች የምትሠራ፣ የሁለት ልጆች እናት፣ ትግርኛ ተናጋሪ ሴት ናት። «ጠዋት ጠዋት አጠገቤ ቆማ ለራሷ የምታወራ ትመስላለች። ዛሬ ነጩ ነው የሚቀድመው፣ ቀዩ ከሰዓት ነው፣ ትላለች። አማርኛው እየጎረበጣትም ጮክ አድርጋ ትናገረዋለች። እኔ እንድሰማ ነው።»

ወደ መጋዘኑ በር በአገጫቸው አመለከቱ።

«ጆንያው አንገት ላይ ጨርቅ የቋጠሩትም ሴቶቹ ናቸው፤ ለቀዩ ቀይ፣ ለነጩ ነጭ። ማንም አላዘዛቸውም። ለኔ ብለው ነው። አንድም ቀን ሀጃ ረሳሽ ያለችኝ የለችም። እኔ እንዳላወቀ ሰው እሆናለሁ፣ እነሱም ምንም እንዳላደረጉ ይሆናሉ። እንዲህ ከሆንን ቆየን።» ጋቢያቸውን እንደገና ሳብ አደረጉት። «አሁን ረሳሁ ብል እነሱን አሳልፌ መስጠቴ ነው። አልረሳሁም ብል ደግሞ አላህ ያየኛል። ያ የተመለሰው ጭነት የኔ ሥራ ነው። ያን ቀን ያቺ ሴት ልጇ ታሞባት ቀርታ ነበር፤ የሚነግረኝ አልነበረም።»

ይህን ብለው ጣታቸውን ሙሉው ብርጭቆ ላይ አሳረፉ።

ዶክተሯ አማርኛ አትችልም፤ ግን የተባለው ከባድ እንደሆነ ከፊታችን አውቃዋለች። «ምን አሉ?» ብላ በዝግታ ጠየቀችኝ። መተርጎም አቃተኝ። ጠረጴዛውን ትቼ ቢሮ ከገባሁ ወዲህ እነዚያ ሴቶች በየቀኑ የሚያዩትን እኔ አላየሁም ነበር። እንደምንም ሁሉንም ነገርኳት። እየሰማችኝ ዓይኗን ከሀጃ ላይ አላነሳችም። ስጨርስ ስለ መርሳት ምንም አልጠየቀችም።

«በዚህ ሙቀት ይበርድዎታል ወይ በያቸው» አለችኝ።

«ይበርደኛል» አሉ ሀጃ። «እርጅና ነዋ።»

«ድምፅዎ ድሮም እንዲህ ጎርናና ነበር?»

ሀጃ ወደኔ አዩ። ድሮ ማታ ማታ ሲያንጎራጉሩ ድምፃቸው ቀጭን እንደነበር ትዝ አለኝና ለዶክተሯ እኔው መለስኩላት። ዶክተሯ ወንበሯን አስጠግታ እጃቸውን ያዘች፤ ቀዝቃዛ ነበር። ፈቅደውላት ከጋቢው ሥር አንገታቸውን በጣቶቿ ዳሰሰች። ምራቅዎን ይዋጡ አለቻቸው፣ ዋጡ። ከዚያ ጋቢውን እንደ ልጅ እናት መልሳ አለበሰቻቸው።

«አንገት ውስጥ ትንሽ ዕጢ አለች» አለች፣ እየተረጎምኩ። «እሷ ስትሰንፍ ሰውነት በሙሉ አብሯት ይሰንፋል። ብርድ ይሰማል፣ ድምፅ ይጎረናል፣ ልብም ይዘነጋል። በደም ምርመራ ይታያል። እሷ ከሆነች መድኃኒት አላት። እርግጠኛ አይደለሁም፣ ግን የጠረጠርኩት ይህን ነው።»

«እኔ አእምሮዬ እየሄደ መስሎኝ ነበር» አሉ ሀጃ። «ካሰላ ያለችውን ልጄን ሳላውቃት የምቀር መስሎኝ ነበር።» ይህን ሲሉ ድምፃቸው አልተንቀጠቀጠም፤ እንባቸው ግን ወረደ። ዶክተሯ ይህንን ሳልተረጉምላት ገባት።

ደሙን ለማስመርመር ከተማ ይዣቸው ሄድኩ፣ ውጤቱንም ጠበቅን። በዚያ መሐል ሙዲሩ ቢሮዬ መጣ። በሩን ዘጋና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አንቺ ሁሉንም ሰምተሻል» አለኝ። «ዶክቶራ ስም አልሰጥም ብላኛለች። አንቺ ግን የቤት ሰው ነሽ። ከሁሉም የባሰባት ማናት?»

ፈራሁ። እንጀራዬ በእጁ ነው። ምን ብዬ እንደምመልስ ሳላስብ ከአፌ የወጣው «ረሳሁት» የሚል ነበር።

አፍጥጦ አየኝ። ቀጥሎ ሳያስበው ሳቅ አመለጠው፤ እኔም አብሬው ሳቅሁ። «አንቺም?» አለና በሩን ከፍቶ ወጣ።

ውጤቱ ዶክተሯ የጠረጠረችው ሆነ። ያን ዕለት ሀጃ «አሁን ለሙዲሩ ልንገረው፤ በኔ ጥፋት ሌሎቹ ሊባረሩ አይገባም» አሉ። ልከለክላቸው ሞከርኩ፤ አልሰሙኝም። አብሬያቸው ገባሁ። ቆመው፣ በዚያ በለመዱት ጎንደርኛ በሚሸተው ዐረብኛቸው፣ ጭነቱን ያደባለቁት እሳቸው መሆናቸውን፣ መታመማቸውንም ነገሩት። ስለ ጨርቁና አጠገባቸው ስለምትቆመው ሴት ግን አንድ ቃል አልተነፈሱም።

ሙዲሩ ከወንበሩ ተነሳና እሳቸውን አስቀመጠ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሲቀጠር ገና ጢም ያላወጣ ጎረምሳ እንደነበረና ነጩንና ቀዩን ሰሊጥ በጥርስ ሰብሮ መለየት ያስተማሩት ሀጃ እንደሆኑ ከዚያ በፊት ሰምቼ አላውቅም ነበር። ያን ቀን እሱ ራሱ ነገረኝ። «ሀጃ» አላቸው፣ ዐረብኛ አንቱ ስለሌለው በአንቺ፣ «አንቺ ብትሄጂ እነዚህን ሴቶች ማን ይይዝልኛል? ታከሚ። እስኪሻልሽ ተቀምጠሽ እዪልኝ።» ስለ ማባረር ከዚያ ቀን በኋላ አላነሳም።

ዶክተሯም ያገኘችውን ያለ ስም አስረዳችው። ሴቶቹ ሥራ የሚጠፋባቸው ጠረጴዛው ማሽኑ ሥር ስለሆነ፣ ውሃ ሩቅ ስለሆነ፣ ነጩና ቀዩ በአንድ ቀን ስለሚመጣባቸው፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ልባቸው የቀረበት ቦታ ስላለ ነው አለችው። «የመጨረሻውን አንተ አትጠግነውም» አለችው። «የፊተኞቹን ግን ትችላለህ።» ሙዲሩ አጉረመረመ፤ ጠረጴዛው ግን ከማሽኑ ራቀ። ዚሩ፣ ውሃ የሚቀዘቅዝበት የሸክላ ጋን ማለት ነው፣ በእጅ የሚደረስበት ቦታ ተተከለ። ነጩና ቀዩም በየተራ ቀን ተመደበላቸው። ሴቶቹ ረስተው አያውቁም ማለት አይደለም። ግን ስትረሳ የምትደነግጠው ቀነሰች። «ከልቤ ጠፋ፣ ንገሪኝ» ማለት ነውር መሆኑ ቀረ።

የሀጃ መድኃኒት ገዳሪፍ ፋርማሲዎች ውስጥ ጠፍቶ ነበር። ድንበሩ ላይ መተማና ገላባት እየተመላለሰ ሸቀጥ የሚያመጣ አንድ የጎንደር ሙስሊም ነጋዴ ጎረቤታችን ነው፤ ስነግረው «ለሀጃ ከሆነ ሳላመጣ አልመለስም» አለ። መንገዱ ሲዘጋና ሲከፈት ከረመና አንድ ቀን በኪሱ ይዞት ከች አለ። ኪኒኗ ከሰሊጥ ፍሬ ብዙም አትበልጥም። ሀጃ መዳፋቸው ላይ አድርገው ደጋግመው አዩዋት። «ይህች ናት እኔን የምትመልሰኝ?» አሉ።

ወዲያው አልመለሰቻቸውም። ሳምንታት ፈጀ። እኔ ጠዋት ጠዋት ከቢሮዬ መስኮት አያቸው ነበር። አንዳንድ ቀን ይሻላቸዋል፣ አንዳንድ ቀን ጠረጴዛው አጠገብ ተቀምጠው ዓይናቸው ሩቅ ይሄዳል። ያቺ የካምፕ ሴት እንደ ልማዷ አጠገባቸው ቆማ ለራሷ ታወራለች። አንድ ጠዋት አፏን ከመክፈቷ በፊት ሀጃ ቀደሟት። «ዛሬ ቀዩ ነው» አሉ። «ከማዕዘኑ ይጀመራል። አንቺም አፍሽን አታድክሚ።» ሴትዮዋ ደርቃ ቀረች። ከዚያ የያዘችውን ወንፊት መሬት አስቀምጣ አንገታቸው ላይ ተጠመጠመች። ሌሎቹ ሥራቸውን አላቆሙም፤ ጎንበስ ብለው እየለቀሙ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ይጠርጉ ነበር።

ዶክተሯ ክረምቱ ሳይገባ ሥራ አግኝታ ወደ ፖርት ሱዳን ሄደች። ስንሰነባበት «አሁንስ ጨው ትደግሚያለሽ?» አልኳት። «አልፎ አልፎ» አለችኝ። «ግን ስቀምሰው አውቀዋለሁ።» አሁንም እንደዋወላለን። አማርኛ ጥቂት ለምዳለች፤ ስልኩን ሳነሳ መጀመሪያ የምትለኝ «ልብሽ ደህና ነው?» ነው።

ያቺ ካሰላ የተዳረችው የሀጃ ልጅ በዚያ ዓመት ወልዳ ነበር፣ እሳቸው ግን ሰበብ እያበዙ ሳይሄዱ ቆይተዋል። መናኸሪያው ላይ አውቶቡስ እሳሳታለሁ ብለው መፍራታቸውን የነገሩኝ ከዳኑ በኋላ ነው። ዝናቡ ካባራ በኋላ አንድ ጠዋት ተነሱ። አብሬዎት ልሂድ ብላቸው «አንቺ ሥራሽን ሥሪ» አሉኝ። መናኸሪያ ድረስ ሸኘኋቸው፤ ከሾፌሩ ጀርባ ያለው ወንበር ላይ ተቀምጠው በመስኮቱ እጃቸውን አወዛወዙልኝ።

ቀኑን ሙሉ እጄ ሥራ አልያዘም። ከሰዓት በኋላ የማላውቀው ቁጥር ደወለ። ሀጃ ናቸው።

«ደረስኩ» አሉኝ። «ሕፃኑ አፍንጫው ቁርጥ የባለቤቴ ነው። አሁን እቅፌ ውስጥ ተኝቷል።»

«የማን ስልክ ነው ሀጃ? የእርስዎስ?»

ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ቤት ረስቼው መጣሁ» አሉ። «ይህን ለዶክቶራ እንዳትነግሪያት።»

ሳቄን ሰምተው ለቃሚዎቹ ከጠረጴዛው ቀና አሉ። «ምን አሉ? ደህና ገቡ?» ብለው ጠየቁኝ። ደህና ገብተዋል አልኳቸው፤ የሕፃኑንም አፍንጫ ነገርኳቸው።